ድልድዩስ?

ሰዎች ሲከራከሩ የተነሳውን ነገር ትተው ያነሳውን ሰው መመርመር ሲጀምሩ ከወንበሬ ተነስቼ እሄዳለሁ። ያሳደግኋቸው የእህቴ ልጆች «አክስታችን ፖለቲካ ስትፈራ!» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ የምሸሸው ፈርቼ ሳይሆን አንድ ቀን ስለሚታወሰኝ ነው። ያን ቀን የዋልሁት በጀርባዬ ተኝቼ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ተወልጄ ያደግሁ፣ መምህርነት ተምሬ ከዳባት ወዲያ ካለች የደጋ መንደር የተመደብኩ ወጣት አስተማሪ ነበርኩ። የመንደሯን ስም ልተወው፤ የሰዎቹ ልጆች አሁንም እዚያው ናቸው። ባሌ ደሳለኝም አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በር ላይ «አናርኪስት» ብለው ወሰዱት፤ ጎንደር ታሰረ። እኔ ያን ጊዜ ማርገዜን ገና አልነገርኩትም ነበር።

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ከክርስትና ስሙ ሌላ ተጨማሪ ስም ነበረው። አድሃሪ፣ አናርኪስት፣ ወላዋይ፣ ሰርጎ ገብ። ይኼኛውን ስም የሚያወጣልህ ካድሬ ነው፤ ቄስ አይጠራም፣ ድግስ የለውም፣ ግን ከክርስትናው ይልቅ ይጣበቃል። እኔም ከባሌ መታሰር በኋላ «የአናርኪስቱ ሚስት» ሆንኩ። ሰላም ይሉኝ የነበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ከብት የጠፋባቸው ይመስል ወደ ሜዳው ይመለከቱ ጀመር።

ሰኔ ላይ አዲሱ የቀበሌ አዳራሽ ተመረቀ። የመጀመሪያው ስብሰባ የሒስና ግለ ሒስ ነበር። ከወረዳ የመጣው ካድሬ ከፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሞላ አለ። ሞላ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ እኔው በመሠረተ ትምህርት ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር።

«ሒስ ያለው ይናገር» አለ ካድሬው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። አያ ታከለ ይባላሉ፤ የግቢዬ ጎረቤት ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም፣ የመንደሩ አለቃ፣ ነበሩ።

«እኔ አንድ አለኝ» አሉ። «አዳራሹ ሸጋ ነው፤ አልጠላሁትም። ግን ይኸ የተደገፍሁበት ምሰሶ ለጥቁር ውሃ ወንዝ ድልድይ ብለን የቆረጥነው ግንድ ነው። አሮጌው ድልድይ በስብሷል፤ ክረምቱም ገባ። ሰው ቢታመም በምን ልናሻግረው ነው? ሌላ ግንድ ቆርጠን ድልድዩን እንሥራ፤ እሱ ቢያቅተን ከዚሁ አንድ ሁለቱን እንመልስ።»

ካድሬው ወደ ሞላ ዘንበል አለና «ማን ነው ይሄ ሰውዬ?» ብሎ ጠየቀ። ስለ ድልድዩ አልጠየቀም። ሞላ እያቅማማ በጆሮው አንድ ነገር አለው።

«አሃ! የድሮ ጭቃ ሹም!» አለ ካድሬው ተነስቶ። «ጓዶች፣ ሰምታችኋል? ሰፊው ሕዝብ የሠራው አዳራሽ ይፍረስ የሚል አድሃሪ ከመካከላችን አለ!»

ጭብጨባ ሆነ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እኔም ብድግ አልኩ። «ጓድ፣ እሳቸው ይፍረስ አላሉም። ድልድዩ ይሠራ ነው ያሉት።»

«አንቺ የማን ሚስት እንደሆንሽ እናውቃለን። ተቀመጪ!»

ተቀመጥኩ። ሆዴ ገፍቶ ነበርና አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። አያ ታከለ ክረምቱን ሙሉ ከደጃቸው እንዳይወጡ ተወሰነባቸው። ስለ ድልድዩ የተወሰነ ነገር አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጎንደር ወርጄ እናቴ ዘንድ ልውለድ ብዬ ይለፍ ጠየቅሁ። ያኔ ያለ ይለፍ ከቀበሌ ቀበሌ አይኬድም። ሞላ ወረዳ ጠየቀልኝ፤ ወረዳ «ባሏን ልታገኝ ነው» ብሎ ከለከለ። ደግሜ ጠየቅሁ፤ ደግሞ ከለከለ። ሞላ መልሱን ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም። ነሐሴ እንዲህ ሆኖ ደረሰብኝ።

ምጡ የጀመረኝ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የመንደሩ አዋላጅ እትዬ ጥሩ ከእኔ ጋር አደሩ። ስንቱን ያዋለዱ፣ ሲያዋልዱ የሚቀልዱ ሴት ነበሩ። ሲነጋጋ ቀልዱ ቆመ። ሆዴን በሁለት እጃቸው ዳብሰው ዳብሰው፣ ከግንባሬ ላይ ላቤን ጠረጉልኝ።

«የኔ እናት» አሉኝ፣ «ልጁ አግድም ነው የተኛው። የኔ እጅ እዚህ ድረስ ነው። ሐኪም ቤት መሄድ አለብሽ።»

«ማን ይወስደኛል እትዬ ጥሩ? እኔን ማን ይሸከመኛል?»

ወጥተው ከአያ ታከለ ጋር በአጥሩ ላይ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ከዚያ የአጥር በር ሲከፈት ሰማሁ። ሽማግሌው እንዳይወጡ የተከለከሉበትን ደጅ ጥለው ወጥተው፣ ከጉብታው ላይ ሆነው ይጣሩ ጀመር።

«ቃሬዛ! ቃሬዛ! የወገን ያለህ! ቃሬዛ!»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በዚያ አገር ቃሬዛ ከተጠራ እርሻ ይቆማል፣ የቆረሱት እንጀራ ከገበታ ይቀራል። ቃሬዛ መንገድ ላይ የገጠመው ሰው ከተሸካሚዎቹ አንዱን ሳያሳርፍ አያልፍም። በሽተኛው ጠላቱ ቢሆን፣ ደም ቢኖርበት እንኳ መጀመሪያ ይሸከማል፤ ወደ ጠቡ በኋላ ይመለሳል። አባቶቻቸው ያቆዩላቸው ሕግ ነው።

ያን ጠዋት ግን አንዳንዱ መጥቶ አጥሩ ጋ ቆመ። «የማን ቃሬዛ ነው?» ሲል የሰማሁት ድምፅ አለ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚያ መንደር ተጠይቆ አያውቅም ነበር። ተኝቼ እየሰማሁ አፈርኩ፤ ምን እንዳሳፈረኝ ግን አላውቅም፤ ጥፋቴ መታመም ብቻ ነው። ቢሆንም ሰው ተሰበሰበ። ሁለት አጣና በጠፍር ጠልፈው፣ ቁርበት አንጥፈው፣ በጋቢ ጠቅልለው፣ ለወንዙ ገመድ ይዘው አነሱኝ።

ጥቂት እንደሄድን ቃሬዛው ቆመ። አንገቴን ቀና ባደርግ ሞላ ጠመንጃውን ይዞ ከመንገዱ መካከል ቆሟል።

«አያ ታከለ፣ ከደጅህ አትውጣ ተብለህ የለም?»

«ተብያለሁ።»

«ታዲያ ምነው ወጣህ?»

«ቃሬዛ ነዋ!»

«አየሁት! የአናርኪስት ሚስት ያለ ይለፍ፣ በአድሃሪ መሪነት ከቀበሌ ወጣች ቢባል ምን እመልሳለሁ? ልጆች አሉኝ እኮ! እኔን ነው የሚበሉኝ!» ፈርቶ ነበር፤ መፍራቱም ትክክል ነበር።

አያ ታከለ አልጮኹም። «ሞላ» አሉት፣ «ቃሬዛ ፊት ቆመሃል። አባትህ ቃሬዛ ፊት ቆሞ ያውቃል?»

ምጤ መጣብኝና ጮህኩ። ጩኸቴ ሲያበቃ ጠመንጃው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አየሁ። ሞላ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ከፊት በኩል ገባ፤ የደከመውን ሰው «አንተ እረፍ» ብሎ አጣናውን ከትከሻው ተቀበለው። አያ ታከለ በበኩላቸው ከኋላ፣ ከራስጌዬ በኩል ገቡ። ስለ ይለፍ ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም።

ቃሬዛ ስትሸከሙ ከኋላ ያለው እግሩን አያይም፤ በሽተኛው ይጋርደዋል። ስለዚህ ከፊት ያለው ያየውን ሁሉ ይናገራል። ከፊት ያለው ደግሞ ጭነቱ ማጋደሉን አያይም፤ እሱን የሚነግረው የኋለኛው ነው። ቁልቁለቱን እንዲህ ወረድን።

«ድንጋይ በግራ!» ይላል ሞላ።

«በግራ!» ይላሉ አያ ታከለ።

«ድጥ ነው፣ ተረከዝ!»

«ተረከዝ! ሞላ፣ ትከሻህን ዝቅ አርግ! አጋደልካት እኮ፣ ልትደፋት ነው!»

«እሺ አያ።»

«አሁንም ዝቅ! ምነው አትሰማም?»

«እሺ፣ እሺ። ይኸው።»

እኔ በመካከላቸው ተኝቼ ሁለቱን ድምፅ እሰማለሁ። ያው አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት የሽማግሌው ድምፅ ነው። አሁንም ሞላን እየነቀፉት ነው፤ ሰኔ ላይ ከተናገሩትም ይልቅ ይቆጣሉ። ሞላ ግን «አንተ ማን ስለሆንክ ነው?» አላለም። ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ እኔም ቀጥ አልኩ። ሕመሙ ፋታ በሰጠኝ ቁጥር ይህን እያሰብኩ ማልቀስ አማረኝ።

የፈሩት ይደርሳል። ጥቁር ውሃ አፋፍ ደረስን። ተሸካሚዎቹ ሲቆሙ የውሃውን ድምፅ ሰማሁ። ሌሊቱን ከላይ ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። እትዬ ጥሩ አንገቴን ደግፈው ትንሽ ውሃ ሲያጠጡኝ ድልድዩ የነበረበትን አየሁ። ከአሮጌዎቹ ግንዶች አንዱ ተሰብሮ ጫፉ ብቻ ከወዲያኛው ዳር ተጣብቆ ቀርቷል። ሌላው የለም።

አያ ታከለ «ብዬ ነበር» እስኪሉ ጠበቅሁ። ሁላችንም የጠበቅን ይመስለኛል። ሞላማ አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ወንዙን አዩ፣ ሰማዩን አዩ።

«አውርዷት» አሉ። «ከዛፉ ሥር። እስኪጎድል መጠበቅ ነው።»

«ምን ያህል ይቆይ ይሆን?» አለ ሞላ።

«ውሃው ያውቃል።»

ጠበቅን። የዚያን ቀን ጥበቃ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ወንዙ ከወዲያ አለ፤ ከወንዙ ወዲያ ዳገት አለ፤ ከዳገቱ ላይ የማኪና መንገድ አለ። አንድ ማኪና ሲያጓራ እንኳ ሰማን። አሥራ ምናምን ጎልማሳ ተሰብስቦ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። አንዱ ሰው ከውሃው ዳር ድንጋይ ተክሎ መጉደሉን ያያል፤ ተመልሶ ራሱን ይነቀንቃል። እትዬ ጥሩ ማርያም ማርያም ይላሉ። እኔ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ልጄን እጠብቃለሁ። ከማለዳው ጀምሮ ስትራገጥ ነበር። ጉልበቷም ይሁን ክርኗ ከጎኔ በኩል ይጎረብጠኝ ነበር። አንድ ጊዜ ገፋችኝ። ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ ገፋችኝ።

ከዚያ ተወች።

መጀመሪያ እንቅልፍ ወሰዳት አልኩ። ጎኔን ተጫንኩት፤ አልመለሰችልኝም። «እትዬ ጥሩ» አልኩ፣ «ዝም አለብኝ።» እትዬ ጥሩ እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ። «ደክሞት ነው፤ ይተኛ» አሉኝ። ፊታቸውን ግን ወደ ወንዙ አዞሩ።

ሞላ ይህን ሰምቷል። ከሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ሲቆም አየሁት።

«አያ» አለ፤ እንደ ድሮው በአክብሮት ነበር። «በሰኔ ስለ እርስዎ ያልኩት ነገር...»

«እሱን ተወው። ገመዱን ከዚያ ዋርካ እሰረው፤ መጉደል ጀምሯል።»

ውሃው ደረት ሲሆን ገቡ። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንስተው፣ ገመዱን ይዘው፣ እየተጣሩ ተሻገሩ። «ጉድጓድ!» «ጉድጓድ!» «አትቸኩል!» «ያዝ፣ ያዝ፣ አጋደለች!» ውሃው ጋቢዬን ነካው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ መተባበር አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ የዘገየም አላየሁም። ዳገቱን ወጥተን የማኪናው መንገድ ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። እህል የጫነ ኤንትሬ ማኪና ቆመልን፤ ሾፌሩ ማንነቴን አልጠየቀም።

ጎንደር ሐኪም ቤት ቀደዱኝ። ሐኪሙ «ምነው እስካሁን ቆያችሁ?» ሲል ሰምቻለሁ። ስነቃ ሴት እንደነበረች ነገሩኝ። ሌላ እንደማልወልድም ነገሩኝ። ባሌ የታሰረበት ግቢ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ልጅ እንደነበረውና እንደሞተችበት የሚነግርልኝ ግን አላገኘሁም። ተሸካሚዎቹ ከሐኪም ቤቱ አጥር ሥር እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አድረዋል። ጠዋት ሞላ ኮፍያውን አውልቆ ከአልጋዬ ግርጌ መጥቶ ቆመ፤ ከዚያ ወጣ።

ድኜ መንደሩ የተመለስኩት ጥቅምት ላይ ነው። በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ያው አዳራሽ፣ ያው ካድሬ፣ ያው ምሰሶ። «ሒስና ግለ ሒስ» ተባለ። ካድሬው ገና ሳይጨርስ ሞላ ራሱ ተነሳ።

«ግለ ሒስ አለኝ» አለ። «በሰኔ አያ ታከለ ስለ ድልድይ ነገሩን። እኛ ስለ እሳቸው መለስንላቸው። መምህሯም ስለ ድልድይ ተናገረች፤ ስለ ባሏ መለስንላት። ስለ ድልድዩ የመለሰ የለም። ልጇ ወንዝ ዳር ሞተች። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሊቀ መንበሩ እኔ ነኝ። ድልድዩን አሁን እንሥራ።»

ካድሬው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለን ነበር።

«ጥሩ ነው ጓድ ሞላ» አለ። «ይህን እንድትናገር የነገረህ ማን ነው?»

«ማንም።»

«በነሐሴ የአናርኪስቱን ሚስት ያለ ይለፍ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«ተሸክሜያታለሁ።»

«ሰርጎ ገብ!» አለ ካድሬው፣ አሁን ወደ ሕዝቡ ዞሮ።

ከበሩ ላይ ሁለት ታጣቂዎች ገብተው ሞላን በግራና በቀኝ ክንዱን ያዙት። ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ «ምን አጠፋ? ምን አጠፋ?» እያለች ተከተለቻቸው። እኔ ለመነሳት ሞከርኩና ተውኩት። ብነሳስ ምን ልል? የኔ ምስክርነት ሌላ ማሰሪያ ነው የሚሆንበት። ያየሁትን የማልናገርለት አንድ ሰው ቢኖር የተሸከመኝ ሰው ሆነ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሩ ተዘጋ። ካድሬው አጀንዳውን ሊቀጥል ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጊዜ ከኋላ፣ ከምሰሶው ሥር፣ አያ ታከለ ተነሱ። እጃቸው ግንዱ ላይ ነበር።

«እሺ» አሉ። «ድልድዩስ?»

ስብሰባው ተበተነ።

ሞላ ወደ ግንባር ተልኳል ተባለ፤ አልተመለሰም። አያ ታከለ ድልድዩ ሳይሠራ አረፉ። ደሳለኝ ከዓመታት በኋላ ተፈታ። ስለ ልጃችን ስነግረው ፊቱ ጠቆረና «የገደላት የትኛው ነው? አድሃሪው ነው ወይስ ሊቀ መንበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። የኔ ሰው፣ በስም ምክንያት ወጣትነቱን እስር ቤት የጨረሰው፣ እሱም ስም ይፈልግ ነበር። «እነሱማ የተሸከሙኝ ናቸው» አልኩት። አልገባውም፤ አብረን ለቅሶ ተቀመጥን።

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ እነዚያ ስሞች የሉም። ሌሎች ወጥተዋል፤ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። የእህቴ ልጆች በስልካቸው ሲጣሉ አያለሁ። አንዱ ስለ መንገድ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ዳኝነት አንድ ነገር ይላል፤ ከሥሩ መቶ ሰው መጥቶ «አንተ የማን ነህ?» ይለዋል። እሱም ስድቡን ሲመልስ መንገዱን ይረሳዋል። አገር የሚያስማማ ትልቅ ሐሳብ የለኝም፤ እኔ የገጠር አስተማሪ ነኝ። የማውቀው አንድ ቁልቁለት ነው። ከፊት ያለኸው፣ ድንጋዩን ስታይ ተናገር። ከኋላ ያለኸው፣ ስናጋድል ሳትፈራ ተቆጣን። የተነገረህም ትከሻህን ዝቅ አድርግ እንጂ የተናጋሪውን ዘር ማንዘር አትቁጠር። ቃሬዛው ላይ የተኛ ሰው አለ።